ፓቹ ያልነካቸው መስመሮች፦ በፖስትግሬስ ውስጠ ቋንቋ ላይ የቀረበን ለውጥ ስለ መገምገም

ጥያቄዎን በአጭሩ ላስቀምጠው። የሥራ ባልደረባዎ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ ለሚገኘው የፒኤል/ፒጂኤስኪውኤል ቋንቋ ፓች (በኮዱ ላይ የሚደረግ ለውጥ) ጽፈዋል፤ ዛሬ በተራ አሬይ (የእሴቶች ዝርዝር) ላይ ብቻ የሚዞረው የፎርኢች ሉፕ በጄሰንቢ (የጄሰን መረጃ በሚቀመጥበት ዓይነት) አሬይ ላይም እንዲዞር ያደርጋል። ፓቹ ወደ 300 መስመር ይሆናል፣ ያለ ችግር ኮምፓይል ይሆናል፣ የነበሩት ቴስቶች በሙሉ ያልፋሉ፣ ጸሐፊው የጨመሯቸው ሦስት ቴስቶችም እንዲሁ። እርስዎ የመጠይቅ ቋንቋውን ኤስኪውኤልን በደንብ፣ ፖስትግሬስ የተጻፈበትን ሲን ደግሞ በመጠኑ ያውቃሉ፤ ገምግሙ ሲባሉ «ምን ምኑን ልይ? ቴስቱ ካለፈ ‹ጥሩ ነው› ብዬ ልፈርም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል፤ ሉፑን የሚያስኬደውን ዋናውን ፈንክሽን፣ ሦስቱን ቴስቶችና የመመሪያውን ለውጥም አያይዘዋል።

አሁን ባለበት አይፈርሙ። የቴስት ማለፍ የሚነግረን ጸሐፊው ያሰቡባቸው መንገዶች እንደሚሠሩ ብቻ ነው፤ ያላሰቡባቸውን መንገዶች ግን ራሳቸው ሊፈትኗቸው አይችሉም፣ ሰው የሚፈለገውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ የተጨመሩትን 300 መስመሮች ካነበቡ በኋላ ዋናውን ጊዜዎን ፓቹ መንካት ሲገባው ባልነካቸው ቦታዎች ላይ ያውሉት።

ከሲ ኮዱ በፊት አገባቡን ይመልከቱ፤ ለዚህ ያለዎት የኤስኪውኤል እውቀት ይበቃል። በኮድ ውስጥ ያለ ስህተት በሚቀጥለው እትም ይታረማል፤ ወደ ቋንቋው የገባ ቃል ግን ሰዎች ሥራቸውን ከጻፉበት በኋላ ተመልሶ ሊወጣ አይችልም። የአንድ ፒኤል/ፒጂኤስኪውኤል ፈንክሽን አካል በሲስተም ካታሎጉ (ዳታቤዙ ስለ ራሱ መረጃ በሚይዝባቸው ሠንጠረዦች) ውስጥ የሚቀመጠው እንደ ተጻፈ፣ በጽሑፍ መልኩ ነው፤ ወደ ውስጣዊ መልክ የሚለወጠውም በእያንዳንዱ ሴሽን (ከዳታቤዙ ጋር በሚደረግ ግንኙነት) ውስጥ ፈንክሽኑ መጀመሪያ ሲጠራ ነው። በተጨማሪም ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚገለብጠው መሣሪያ፣ ፒጂደምፕ፣ የሚያወጣው ፋይል ገና ሲጀምር የፈንክሽኖችን አካል የሚፈትሸውን ሴቲንግ ያጠፋዋል። እነዚህ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ የሚፈጠረውን ያስቡት፤ ፓቹ አዲስ የተከለከለ ቁልፍ ቃል ቢጨምርና ያው ቃል በአንድ የቆየ ፈንክሽን ውስጥ የቫሪያብል ስም ሆኖ ቢገኝ፣ ዳታቤዙ ወደ አዲሱ እትም ሲዛወር አንድም ስህተት ሳይታይ ያልፍና ስህተቱ የሚወጣው ከሳምንታት በኋላ፣ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠራው ያ ፈንክሽን በተጠራበት ሌሊት ይሆናል።

ቋንቋው የተከለከሉና ያልተከለከሉ ቁልፍ ቃላትን ለየብቻ የሚይዙ ሁለት ዝርዝሮች አሉት። አዲሱ ቃል ያልተከለከሉት ውስጥ መግባቱን፣ በፊደል ተራ ትክክለኛ ቦታው ላይ መቀመጡን፣ በሰዋስው ፋይሉ ውስጥ ባለው ተመሳሳይ ዝርዝር ውስጥም መጨመሩን ያረጋግጡ። ከዚያም በዚያው ቃል ቫሪያብል ሰይመው እሴት ይስጡት፣ ይደምሩበት፣ በሉፕም ውስጥ ይጠቀሙበት። ይህ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና ነው፤ ከጸሐፊው ሦስት ቴስቶች ውስጥ ግን የለም።

ባልደረባዎ በአንድ ነገር ጥሩ መርጠዋልና ይህንንም በግምገማዎ ይጻፉላቸው። አዲሱን ነገር በፎር ሉፕ ላይ ሳይሆን በፎርኢች ላይ ማንጠልጠላቸው ትክክል ነው። የፒኤል/ፒጂኤስኪውኤል ፓርሰር (ኮዱን አንብቦ የሚተነትነው ክፍል) የኤስኪውኤልን አገላለጽ ራሱ አይረዳም፤ ቃላቱን እየሰበሰበ ለዋናው የኤስኪውኤል ሞተር ያስተላልፋል እንጂ። በፎር ሉፕ ውስጥ «ኢን» ከሚለው ቃል በኋላ የሚመጣው የቁጥር ክልል ይሁን መጠይቅ የሚለየው ወደ ፊት እያነበበ ሁለት ነጥቦችን ወይም «ሉፕ» የሚለውን ቃል ሲያገኝ ነው፤ እዚያ መሀል አዲስ ቃል መሰንቀር የአንድን ቫሪያብል ስም መንጠቅ ሊሆን ይችላል። ፎርኢች ግን ከ«ኢን» ቀጥሎ «አሬይ» የሚለውን ቃል የግድ ስለሚጠይቅ በዚያ ቦታ ሌላ ቃል ቢጨመር የሚጋጨው የለም።

ቀጥሎ «ለመሆኑ ያስፈልጋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ያለ ይሉኝታ ያንሱት። ጄሰንቢ በ2014 በ9.4 እትም ከገባ ጊዜ ጀምሮ የአሬዩን አባላት አንድ በአንድ እንደ ረድፍ የሚያወጣ ፈንክሽን አለ፤ ሰዎችም በተለመደው በመጠይቅ ላይ በሚዞረው ፎር ሉፕ ይጠቀሙበታል። ያ መንገድ ብዙዎች እንደሚገምቱት ቀርፋፋ አይደለም፤ ሉፑ ከመጠይቁ በመጀመሪያ 10፣ ከዚያ በኋላ 50 50 ረድፍ እያደረገ ይወስዳል እንጂ በየዙሩ ሞተሩን አይጠራም። ድክመቱ ሌላ ነው፦ አባላቱን የሚያወጣው ፈንክሽን ሁሉንም አስቀድሞ በጊዜያዊ ማከማቻ ይደረድራቸዋል፣ መጠናቸው የሜሞሪ ገደቡ ሴቲንግ ወርክ_ሜም ከሚፈቅደው (ካልተለወጠ 4 ሜጋባይት ነው) ሲያልፍም ወደ ዲስክ ይፈስሳል። አዲሱ ሉፕ ይህን የሚያስቀር ከሆነ ጥሩ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊው በቁጥር ያሳዩ፣ በ100 አባል፣ በ100,000 አባል፣ አጭር ቁጥርና ረጅም ጽሑፍ በያዘ አሬይ ለየብቻ። እርስዎም በራስዎ ማሽን ይድገሙት።

ለእኔ ይህ ፓች የሚወድቀው ወይም የሚቆመው በነል (እሴት አለመኖሩን በሚያሳየው ምልክት) አያያዙ ነው። ዛሬ ያለው ፎርኢች የሚዞርበት አሬይ ራሱ ነል ከሆነ አገላለጹ ነል መሆን እንደሌለበት ገልጾ በ22004 የስህተት ኮድ ሥራውን ያቆማል። የጄሰንቢ አባላትን የሚያወጣው ፈንክሽን ደግሞ ነል ሲሰጡት አንድም ረድፍ ሳያወጣ ዝም ብሎ ያልፋል። አዲሱ ሉፕ የሁለቱም ልጅ ነው፤ ማንን ይምሰል? በፓቹ ውስጥ ለዚህ መልስ አላገኘሁም፣ ማለትም ኮዱ አንዱን በአጋጣሚ ይመርጣል። በዚህ ላይ ጄሰን የራሱ ነል አለው፤ እርሱ ለኤስኪውኤል ነል ሳይሆን አንድ የታወቀ እሴት ነው፣ ስለዚህ «ነል ነው ወይ?» የሚለው ፍተሻ አይይዘውም። ጄሰንቢ እሴት አሬይ ላይሆንም ይችላል፤ ኦብጀክት ወይም ነጠላ ቁጥር ቢመጣስ? ነባሩ ፈንክሽን ለሁለቱም የየራሳቸውን የስህተት መልእክት ይሰጣል። የባልደረባዎ ቴስቶች የቁጥሮች አሬይ፣ የጽሑፎች አሬይና ባዶ አሬይ ናቸው፤ ከዘረዘርኳቸው አንዱም የለበትም። የእኔ ምርጫ ፎርኢችን መምሰል ነው፣ ምክንያቱም ኮዱን የሚያነብ ሰው የሚያየው ያንኑ ቃል ስለሆነ ያንኑ ጠባይ ይጠብቃል። ሌላ ምርጫም ሊከራከሩለት ይቻላል፤ ያልተመረጠ ነገር ግን ሊጸድቅ አይገባም።

ከነል ቀጥሎ ያለው ወጥመድ የዓይነት ለውጥ ነው፤ እዚህም ላይ ኤስኪውኤል የሚያውቅ ሰው ሲ ከሚያውቅ ይልቅ ያያል። የሉፑ ቫሪያብል ጄሰንቢ ከሆነ ምንም ችግር የለም። ቫሪያብሉ የጽሑፍ ዓይነት ሲሆን ግን የጄሰን ጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ ድርብ ትምህርተ ጥቅሶቹን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሦስት ፊደል የነበረው ቃል አምስት ፊደል ይሆናል፣ ከዚያም ከሠንጠረዥ ጋር ሲያወዳድሩት አይገጥምም። ለዚሁ ነው የአባላት ማውጫው ፈንክሽን አባላቱን ያለ ጥቅስ የሚሰጥ ሁለተኛ ወንድም ያለው፣ እርሱም የጄሰንን ነል ወደ ኤስኪውኤል ነል ይለውጣል። ቁጥርም የራሱ ነገር አለው። ከ11ኛው እትም ጀምሮ ጄሰንቢን ወደ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) የሚለውጥ ካስት (የዓይነት መለወጫ) አለ፤ ነገር ግን የሚሠራው በግልጽ ሲጠየቅ ብቻ ነው። ፒኤል/ፒጂኤስኪውኤል እሴት ወደ ቫሪያብል ሲያስገባ ደግሞ ለዚያ የተፈቀደ ካስት ካላገኘ በጽሑፍ በኩል አዙሮ ይለውጣል። ስለዚህ 1.0 የሚል አባል በግልጽ ካስት ሲደረግ 1 ይሆናል፣ በሉፕ በኩል ወደ ኢንቲጀር ቫሪያብል ሲገባ ግን ለኢንቲጀር የማይሆን ጽሑፍ ነው ተብሎ ይጣላል። ባልደረባዎ የቋንቋውን የተለመደ ማስገቢያ መንገድ ስለተጠቀሙ ይህ ጠባይ የእርሳቸው ጥፋት አይደለም፤ ግን ለተጠቃሚው በመመሪያው ላይ ሊነገረው ይገባል፣ ጥቅሱን በተመለከተም ውሳኔ ያስፈልጋል። ጸሐፊው የጽሑፎቹን አሬይ የፈተኑት በጄሰንቢ ቫሪያብል ስለሆነ ይህ አልታያቸውም።

አሁን ወደ ኮዱ እንግባ። ሲ በመጠኑ ለሚያውቅ ገምጋሚ የምመክረው ዘዴ የወንድሙን ዱካ መከተል ነው። ፎርኢች ወደ ቋንቋው የገባው በ2011 በ9.1 እትም ስለሆነ ቦታ ቦታውን ይዟል። የቋንቋው ኮድ በሚገኝበት ፎልደር ውስጥ የፎርኢች ትእዛዝ በኮዱ የሚወከልበትን ስም በሙሉ ይፈልጉና የወጣውን ዝርዝር ከፓቹ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡት፦ ሰዋስው፣ ማስኬጃ፣ በስህተት መልእክት ውስጥ የትእዛዙን ስም የሚናገረው ክፍል፣ የተተነተነውን ዛፍ (የፈንክሽኑን ውስጣዊ መልክ) ለዕይታ የሚያትመው ክፍል፣ ዛፉን የሚያፈርሰው ክፍል። ወንድሙ ባለበት ሁሉ አዲሱ ከሌለ ምክንያት ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው ማፍረሻው ነው፤ ተራ ቴስት አይነካውምና። ፈንክሽኑ ሲተካ የቀድሞው ዛፍ ይፈርሳል፣ ማፍረሻው አንዱን አገላለጽ ከዘለለ የዚያ አገላለጽ የተቀመጠ ፕላን (የአፈጻጸም ዕቅድ) ሴሽኑ እስኪዘጋ ድረስ ሜሞሪ ይዞ ይቀራል፤ አንድ ግንኙነት ለቀናት ክፍት በሚቆይበት ቦታ ይህ ቀላል አይደለም። ስሙ የሌለው ዱ የሚባለው ብሎክ ሥራውን እንደ ጨረሰ ዛፉ ወዲያው ስለሚፈርስ ማፍረሻውን ለመፈተን እርሱ ምቹ ነው፤ አዲሱን ሉፕ በዱ ብሎክ ውስጥ ያስኪዱት። ማተሚያውንም ደምፕ የሚለውን የፈንክሽን አማራጭ ከፍተው ይሞክሩት።

ካያያዙት ፈንክሽን ውስጥ ያሳሰበኝ ግን ሜሞሪው ነው፤ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ፖስትግሬስ ሜሞሪን የሚይዘው ሜሞሪ ኮንቴክስት በሚባሉ ክፍሎች ከፋፍሎ ነው፤ አንድ ኮንቴክስት ሲጸዳ በውስጡ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። በፒኤል/ፒጂኤስኪውኤል ውስጥ ሦስት ዕድሜዎች አሉ ማለት ይቻላል፦ አንድ አገላለጽ ተሰልቶ እስኪያበቃ ብቻ የሚቆይ፣ አንድ ትእዛዝ እስኪፈጸም የሚቆይ፣ እና ፈንክሽኑ እስኪመለስ የሚቆይ። ሉፑ የሚዞርበት አሬይ ተሰልቶ ሲመጣ የሚገኘው በአጭሩ ውስጥ ነው፤ በሉፑ አካል ውስጥ ያለው የመጀመሪያው አገላለጽ ሲሰላ ያ ክፍል ስለሚጸዳ አሬዩ ወደ ትእዛዙ ኮንቴክስት መገልበጥ አለበት። ባልደረባዎ ይህን አድርገዋል። ነገር ግን በሉፑ አካል ውስጥ ያሉት ትእዛዞችም ያንኑ የትእዛዝ ኮንቴክስት ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ለምሳሌ በጽሑፍ የተሰጠውን መጠይቅ የሚያስኬደው ኤግዚኪዩት፣ እሴቶችን ከሚያቀብልለት ከዩዚንግ ጋር ሲመጣ፣ የሚያስተላልፋቸውን እሴቶች እዚያ አስቀምጦ ሲጨርስ ኮንቴክስቱን ያጸዳዋል፣ መልእክት ወይም ስህተት የሚያወጣው ሬይዝም እንደዚሁ። ለዚህ ነው ነባሩ ፎርኢች አሬዩን ከመገልበጡ በፊት ኮንቴክስቱን ወስዶ ወደ ጎን የሚገፋው፤ ከዚያ በኋላ በውስጡ ያሉት ትእዛዞች የራሳቸውን አዲስ ኮንቴክስት ያገኛሉ፣ ሉፑ ሲያበቃም የተገፋው ይመለሳል። በባልደረባዎ ፈንክሽን ውስጥ መግፊያውም መመለሻውም የለም።

ታዲያ ቴስቶቹ እንዴት አለፉ? የቁጥሮቹ ሉፕ ይደምራል፣ የጽሑፎቹ ሉፕ ያያይዛል፣ ባዶው ጨርሶ አይዞርም፤ አንዱም የትእዛዙን ኮንቴክስት አይነካም። በሉፑ አካል ውስጥ ኤግዚኪዩት ከዩዚንግ ጋር ቢገባ ግን ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ የሚነበበው የተለቀቀ ሜሞሪ ነው። ይህም ቢሆን በተራ ቢልድ (ከኮዱ ኮምፓይል በተደረገ ፕሮግራም) ላይ ላይታይ ይችላል፤ የተለቀቀው ቦታ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ አሮጌው ይዘት እዚያው ስለሚቆይ ውጤቱ ትክክል መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ዳታቤዙን የአሰርት ፍተሻን (ኮዱ በሥራ ላይ ራሱን የሚመረምርበትን) በሚያነቃው የኮንፊገር አማራጭ ቢልድ ያድርጉት፤ በዚያ ቢልድ የሚለቀቅ ሜሞሪ እያንዳንዱ ባይቱ ሆን ተብሎ በ127 ስለሚሞላ ስህተቱ ወዲያው ይፈነዳል። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ፓች በተራ ቢልድ ፈትኜ «ይሠራል» ብዬ አሳልፌአለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ አሰርት የተፈተነ ፓች እንደተፈተነ አልቆጥረውም።

የተቃራኒው ችግርም አለ፦ በየዙሩ የሚያዝ ሜሞሪ ረጅም ዕድሜ ባለው ኮንቴክስት ውስጥ ከገባ ሉፑ እስኪያበቃ እየተከመረ ይሄዳል። አንድ ሚሊዮን አባል ያለው አሬይ ሠርተው ያዙሩበትና በየ100,000ው ዙር የሴሽኑን ሜሞሪ ኮንቴክስቶች የሚያሳየውን ቪው (ከ14ኛው እትም ጀምሮ አለ) ከራሱ ከሉፑ ውስጥ ሆነው ይጠይቁት። ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ደህና ነው፣ ከዙሩ ጋር አብሮ ከወጣ አይደለም።

አንድ ሌላ ጥያቄ ከ2018ቱ 11ኛ እትም ጋር የመጣ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ በፕሮሲጀር ውስጥ፣ በሉፕ መሀልም ቢሆን፣ ኮሚት ማድረግ (እስከዚያ የተሠራውን ማጽናት) ይቻላል። ትልቅ የጄሰንቢ እሴት፣ ረድፉ ወደ 2 ኪሎባይት ገደማ ካለፈ፣ ተጨምቆ ወይም ቶስት በሚባለው የጎን ሠንጠረዥ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ ወደ ሉፑ የሚመጣው እሴቱ ራሱ ሳይሆን ጠቋሚው ሊሆን ይችላል። ጠቋሚው ብቻ ተገልብጦ ኮሚት ከተደረገና ሌላ ሴሽን ያንን ረድፍ ሰርዞ ቫኪዩም (የተሰረዙ ረድፎችን የሚያጸዳው ሥራ) ካለፈበት ቀጣዩ ዙር የሚፈልገውን አያገኝም። ስለዚህ እሴቱ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት፤ ይህም በየዙሩ እየደጋገሙ ከመዘርጋት ያድናል፣ ያ ድግግሞሽ ደግሞ ሥራውን በአባላቱ ቁጥር ካሬ ያህል ያሳድገዋል። በባልደረባዎ ኮድ ይህ ከመገልበጡ ጋር አብሮ ተሠርቷል፤ ትክክል ነው፣ ለምን እንደተደረገ የሚናገር አንድ መስመር ኮሜንት ግን ይጨመርበት፣ አለበለዚያ ወደ ፊት ሌላ ሰው «ለማፍጠን» ብሎ ያወጣዋል።

የቀሩት ቶሎ የሚታዩ ናቸው። ኤግዚትና ኮንቲኒው በስም ወደ ውጭኛው ሉፕ ሲሄዱ፣ ሪተርንም ከመሀል ሲወጣ ይሞክሩ፤ ከሉፑ በሚወጣበት መንገድ ሁሉ የተገፋው ኮንቴክስት መመለሱ የሚታወቀው እዚህ ነው። አካሉ ባዶ የሆነ ሉፕ በማቋረጫ ሲያዝዙት መቆም አለበት። ፋውንድ የተባለው ቫሪያብል የሚወሰነው ሉፑ ሲያበቃ ነው፤ ቢያንስ አንድ ዙር ከዞረ እውነት፣ ካልዞረ ሐሰት፣ በመሀል ግን ሉፑ ራሱ አይለውጠውም። በኤክሴፕሽን ብሎክ የታቀፈ ሉፕም ስህተት ሲነሳበት ምን እንደሚሆን ይዩ። መመሪያውን በተመለከተ የሉፑ ክፍል ተጽፏል፤ ፋውንድን የትኞቹ ትእዛዞች እንደሚለውጡ የሚዘረዝረው ክፍል ግን አልተነካም። የኮዱን አሰላለፍ ለማስተካከያው መሣሪያ ይተዉት፣ ጊዜዎን አያጥፉበት።

ግምገማውን ሲጽፉ ፓቹን በየትኛው የኮድ ደረጃ ላይ እንደጫኑት፣ በምን አማራጭ ቢልድ እንዳደረጉት፣ የትኞቹን ፈተናዎች እንዳስኬዱ በመጀመሪያ ይናገሩ፤ የሲ ኮዱን ምን ያህል እንደተከታተሉትም በግልጽ ይጻፉ፣ ያልደረሱበትን ሌላ ሰው ያይበታል። የግድ መስተካከል ያለበትን ከራስዎ ምርጫ ይለዩት። በዚህ ፓች ላይ የግድ የምለው ሦስት ነው፦ ኮንቴክስቱን መግፋትና መመለስ፣ በነልና አሬይ ባልሆነ እሴት ላይ ግልጽ ውሳኔ ከነቴስቱ፣ የጽሑፍ ቫሪያብል ጥቅሱን ይዞ ይቀበል ወይስ ያለ ጥቅስ የሚለው። ኤግዚኪዩት ከዩዚንግ ጋር ያለበትን ቴስት እርስዎ ጽፈው ከግምገማው ጋር ቢልኩላቸው ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይረዳቸዋል፤ ቴስቱ በአሰርት ቢልድ ላይ ሲወድቅ ካዩ በኋላ የጎደለው መስመር የት እንደሚገባ ከነባሩ ፎርኢች ራሳቸው ያነቡታል።